ይህ እጅ የማን ነው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አይገናኙም፤ አንዱ የትምህርት ቤት ሙከራ ነው፣ አንዱ የተቆረጠ እጅ ሕመም፣ ሌላው የእናት ስትሮክ። ሥር መሠረታቸው ግን አንድ ነው። "ይህ አካል የእኔ ነው" የሚለው ስሜት ከእኛ ጋር ተወልዶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ንብረት አይደለም። ዓይን ያየውን፣ ቆዳ የነካውን፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚልኩትን ወሬ አንጎል በየቅጽበቱ እያስታረቀ የሚሰጠው ብያኔ ነው። ከወሬዎቹ የትኛው ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ትኩረታችን ነው። ስለዚህ ትኩረት ብያኔውን ሊያጸናውም ሊያናጋውም ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከምን ላይ እንደምናሳርፈው ነው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የጎማ እጅን እንደ ራስ እጅ የሚያስመስለውን ሙከራ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ በአሻንጉሊት እጅ ሞክሬ አልሠራልኝም። ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው። በጥቂት ብር እንዴት ልሥራው? (መምህር፣ ከኮቺ)

መልስ፦ ለዚህ ሙከራ ጠረጴዛና ካርቶን ካለዎት ይበቃል። መጀመሪያ የሠሩት ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን ናቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 አወጡት። አሥር ሰዎችን አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ ግራ እጃቸውን በመከለያ ጋርደው፣ ከፊት ለፊታቸው የጎማ ግራ እጅ አኖሩ። ከዚያ ሁለቱንም እጅ በሁለት ትንንሽ ብሩሾች እኩል እያደረጉ ለአሥር ደቂቃ ዳሰሱ። ሰዎቹ ንክኪው የሚሰማቸው የጎማው እጅ ካለበት ቦታ እንደሆነ፣ ያም እጅ የራሳቸው እንደመሰላቸው ተናገሩ።

የአሻንጉሊቱ እጅ ያልሠራልዎት በመጠኑ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አንጎል ከራሱ እጅ ተለቅ ያለውን ይቀበላል፤ ያነሰውን ግን እሺ አይልም።

ከፋርማሲ የሕክምና ጓንት ይግዙ። የዕቃ ማጠቢያው ወፍራም ጓንት አይሆንም፤ ግራና ቀኙ የተለየ ነው፣ የብሩሹንም ንክኪ ይደብቃል። የሕክምናው ለሁለቱም እጅ ይሆናል፣ ስስ ነው። አንዱን በጥጥ ይሙሉት፣ ሌላውን ተማሪው በግራ እጁ ያጥልቀው፤ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ሲሆኑ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ከነጭራሹ ይቀራል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎት መንታ የሚመስሉ ሁለት የቀለም ብሩሾች፣ ቁመቱ 40 ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ቁራጭ፣ ማስመሪያና አንድ ጋቢ ነው።

ጥጡን ባንዴ አይጎስጉሱት። የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን እያድቦለቦሉ በእስክሪብቶ ጀርባ ወደ ጣቶቹ ጫፍ ይግፉት፤ መዳፉን ለስለስ አድርገው ሞልተው አንጓውን በክር ይሰሩት። ጥጡ ከበዛ ጣቶቹ እንደ ላም ጡት ተወጥረው ይቆማሉ። ትንሽ ጎበጥ ብለው ጠረጴዛው ላይ መተኛት አለባቸው።

ተማሪው ተቀምጦ ግራ እጁን መዳፉ ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ያሳርፍ። ካርቶኑን ከእጁ በስተቀኝ ያቁሙ፤ ከካርቶኑ ወዲህ፣ ተማሪው በሚያየው በኩል፣ የጓንቱን እጅ ያኑሩ። በሁለቱ እጆች መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ30 ካለፈ ስሜቱ ይደክማል። የጓንቱ ጣቶች የእውነተኛው እጅ ጣቶች ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይዩ። ወደ ጎን ከዞሩ፣ የተማሪው ክንድ ሊደርስበት በማይችል አቀማመጥ ከሆኑ፣ ምንም ብትዳስሱ አይመጣም። በመጨረሻ ጋቢውን ከተማሪው ግራ ትከሻ ጀምረው እስከ ጓንቱ አንጓ ድረስ ያልብሱት። ይህን ብዙዎች ይተዉታል፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ የተጣለ ባለቤት የሌለው እጅ ሲያይ አንጎል በቀላሉ አይታለልም። ክንድ ከትከሻ ጋር የተያያዘ መምሰል አለበት።

ዳሰሳው ዋናው ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ብሩሽ ይያዝ፤ ለሁለት ሰው ከተከፈለ እኩል መሄድ ያቅታል። ከአመልካች ጣት ሥር እስከ ጫፉ፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ በሁለቱም እጅ ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ቅጽበት። አልፎ አልፎ ምቱን ይቀያይሩ፣ ወደ መሐል ጣት ይሻገሩ፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አንድ ወጥ ከሆነ እንቅልፍ ያመጣል እንጂ አያሳምንም። በሚታየውና በሚሰማው መካከል ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ በላይ መዘግየት ከገባ ስሜቱ ይሰበራል። ለብዙ ሰው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ጥናት አማካዩ 11 ሰከንድ ገደማ ነበር። እርስዎ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። ከሦስት ወይም ከአራት ተማሪ አንዱ ምንም አይሰማኝም ቢል አይደነቁ፣ አያስገድዱትም።

ለማነጻጸሪያ ያንኑ ተማሪ ለሁለት ደቂቃ አንዱን ብሩሽ ከሌላው በግማሽ ሰከንድ እያዘገዩ ይዳስሱት። ግማሹ ክፍል በእኩሉ ይጀምር፣ ግማሹ በዘገየው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አድርጎ፣ ግራ አመልካች ጣቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁም፤ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ጥቆማው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጓንቱ እጅ ሲያዘነብል ያያሉ። ይህ መንሸራተት ግን ብቻውን "የእኔ ነው" የማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ስሜቱ ያልመጣለት ሰውም ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ ከ-3 እስከ +3 ባለ መለኪያ የሚመለሱ ዓረፍተ ነገሮችም ያዘጋጁ፤ "ብሩሹ የተሰማኝ ከጓንቱ እጅ ላይ ነው"፣ "የጓንቱ እጅ የእኔ መሰለኝ"። ከመካከላቸው አንድ ሁለት ማጥመጃ ይጨምሩ፤ "ከሁለት የበለጠ እጅ ያለኝ መሰለኝ" ዓይነት። ማጥመጃውንም ሁሉ አዎን የሚል ተማሪ እርስዎን ለማስደሰት እየመለሰ ነው።

እዚህ ላይ የሐሳብ ነገር ይገባል፣ ለእኛ የትምህርቱ ዋና ፍሬ ይኼ ነው። ተማሪው "ይህ እኮ ጥጥ የተሞላ ጓንት ነው" ብሎ ማወቁ ስሜቱን አያጠፋውም፤ ዕውቀት ብቻውን ዓይንና ቆዳ የተስማሙበትን አይሽርም። መጠበቅ ግን ያንቀሳቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የሌላ ሰው እጅ ወደ ጎማው እጅ ሲቀርብ ማየት፣ ንክኪው ገና ሳይደርስ፣ ስሜቱን ሊቀሰቅስ እንደሚችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በ353 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሐሳብና በጥቆማ ስሜታቸውን መቅረጽ የሚቀናቸው ሰዎች የጎማውን እጅ ስሜትም በርትቶ ይዘግባሉ። ስለዚህ "አሁን እጁ የእናንተ ይመስላችኋል" ብለው አይጀምሩ። "የጓንቱን እጅ እያያችሁ ተቀመጡ፣ አትነጋገሩ" ብቻ ይበሉ። የተማሪው ዓይን ወደ ጓደኞቹ ከሄደ ዙሩን ከመጀመሪያው ይድገሙት፤ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ካለ ሙከራው አብቅቷል።

በመዶሻ ወይም በቢላ የጓንቱን እጅ አያስፈራሩ። ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ ላብና የልብ ምት ይጨምራል፣ ተማሪው እጁን ሲያሸሽም ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። የሚደነግጥ ወይም በቅርብ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ከተመልካች ወገን ይሁን።

ጥያቄ፦ እጄን ሳላስብ ምንም አይሰማኝም። ሳስበው ግን ጣቶቼን ይወረኛል፣ ይሞቀኛል። ነርቭ ነው ወይ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አይደለም፣ ጤነኛ ነገር ነው። ልብስህ ቆዳህን ቀኑን ሙሉ ይነካል፣ ደም ጣቶችህ ውስጥ ያለማቋረጥ ይዘዋወራል፤ አንጎልህ ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ ድምፁን ቀንሶታል። ትኩረትህ ሲሄድበት ድምፁ ይጨምራል። ጸጥ ባለ ቦታ አንድ እጅህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አሥር ሰከንድ ብቻ ልብ ብትለው ውርር፣ ሙቀት፣ ትርታ ታገኛለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ጫፍ። ሳታስበው የሚመጣ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስህ፣ ወይም ሁለቱንም እግርህን እንደ ካልሲ የያዘ መደንዘዝ ከሆነ ግን የስኳርና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ጠይቅ።

ትኩረት ምን ያህል ሸክም ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሰው አለ፤ እንግሊዛዊው ኢያን ዋተርማን። እ.ኤ.አ. በ1971፣ በ19 ዓመቱ፣ ከሕመም በኋላ ከአንገቱ በታች የንክኪና የአቀማመጥ ስሜቱን አጣ። ጡንቻዎቹ ደህና ናቸው፤ እግሩ የት እንዳለ ግን ካላየው አያውቅም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከተለና እያሰበ እንደገና መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን ተማረ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይወድቃል።

ጥያቄ፦ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሰርኩላር መጋዝ ግራ እጄን ከአንጓዬ በላይ ወሰደብኝ። ቁስሉ ድኗል። የሌለው እጄ ግን ሌሊት ይጨብጣል፣ ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል፣ ልፈታው አልችልም። ለሰው ብናገር አበደ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። (ከመርካቶ ሰፈር)

መልስ፦ አላበዱም። እጅ ወይም እግር የተቆረጠበት አብዛኛው ሰው የሌለው አካሉ ይሰማዋል፣ ብዙዎቹንም ያማቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸል በጦርነት እጅ እግራቸውን ባጡ ወታደሮች ላይ ያየውን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1871 ስም ሰጥቶት ጽፏል። እጅዎ ቢሄድም አንጎልዎ ውስጥ የግራ እጅ ቦታ አልተነቀለም። "ተፈታ" የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ "ተፈትቻለሁ" የሚል መልስ አይመለስለትም። የመስታወት ልምምድ ያንን መልስ በዓይን በኩል ይሰጠዋል ተብሎ ይታሰባል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ቪላያኑር ራማቻንድራን ነው።

መስታወቱ ወርዱ 40 ቁመቱ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የግድግዳ መስታወት ይበቃል፤ የኪስ መስታወት እጅን ከነክንዱ ስለማያሳይ አይረዳም። ምስል የሚያወዛውዝ ርካሽ መስታወት ይተዉ። መቆሚያውን ለመሥራት ለእርስዎ የሚነገር ነገር የለም፤ ወፈር ያለ ጣውላ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ፣ መስታወቱ እንዳይንገዳገድ ከኋላ ሁለት ድጋፍ፣ ጠርዙን በፕላስተር መሸፈን። ጠረጴዛ ላይ ከደረትዎ መሐል ትይዩ፣ የሚያሳየው ፊት ወደ ቀኝ ዞሮ ይቁም። ቀኝ እጅዎ ፊት ለፊቱ፣ የግራው ጉማጅ ከኋላው ተደብቆ። ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ሲያዩ ግራ እጅዎ በቦታው ይታይዎታል። ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ፤ በግራዎ አድርገውት የማያውቁት ነገር በምስሉ ላይ ከታየ አንጎልዎ እንግዳ እጅ ነው ይላል። የሁለቱንም ክንድ እጅጌ እኩል ይጠቅልሉ። ብርሃን ከፊት ይምጣ እንጂ መስታወቱ ላይ አያንጸባርቅ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ደቂቃዎች ምንም አያንቀሳቅሱ። ምስሉን ብቻ ይዩ፣ ሐሳብዎን ወደ ግራ ይላኩ፣ እጁ "እስኪገባልዎ" ይጠብቁ። ቀጥሎ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቀኝ እጅዎን ዘርግተው አይጀምሩ። የሌለው እጅዎ የጨበጠ ከሆነ ቀኙንም ልክ እንደሱ ይጨብጡት፤ አውራ ጣቱ ውስጥ ከገባ ያስገቡት። ዓይን የሚያየውና የሚሰማዎት ሲገጥሙ ብቻ፣ እስከ አምስት እየቆጠሩ፣ ሁለቱንም አብረው የሚፈቱ ያህል ቀስ ብለው ይክፈቱ። አሥር ጊዜ። ከዚያ ጣቶችን አንድ በአንድ ከአውራ ጣት ጋር ማገናኘት፣ አንጓን ማዞር። በጠቅላላው በቀን 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ለአራት ሳምንት።

ይህን መጠን ያገኘነው እ.ኤ.አ. በ2007 ከታተመ ጥናት ነው። እግራቸው የተቆረጠ 22 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው አንዱ በመስታወት፣ አንዱ በተሸፈነ መስታወት፣ ሦስተኛው ዓይን ጨፍኖ በማሰብ ብቻ ሠሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ በመስታወቱ ቡድን የጨረሱት ስድስቱም ሕመማቸው ቀነሰ፤ በማሰብ ብቻ ከሠሩት ስድስት ግን የቀነሰላቸው ሁለቱ ናቸው፣ አራቱን ባሰባቸው። ትንሽ ጥናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ሁሉ እንዲህ የተሳካ ውጤት አላገኙም። ሆኖም ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ፤ ሌሊት ተኝተው ሕመሙን እያሰቡ እጁን "ለመፍታት" መታገል፣ ዓይን ሳያግዝዎት፣ ሊያባብሰው ይችላል። ሌሊቱን ለመስታወቱ ሳይሆን ለሌላ ነገር ይስጡት፤ ጉማጁን በእጅዎ በቀስታ ያሹት፣ በሙቅ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ሬዲዮ ይክፈቱ።

ሲጀምሩ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ልብ የሚሰብር ኀዘን ሊመጣ ይችላል፤ እጅን መልሶ ማየት ቀላል አይደለም። ያኔ ወደ አምስት ደቂቃ ያውርዱት፣ ሰው አጠገብዎ ይኑር። ሕመሙ ለተከታታይ ሦስት ቀን ከጨመረ ያቁሙና ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ደብተር ላይ ይጻፉ። ጉማጁ ላይ አንዲት ነጥብ ስትነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ካለ ያ የነርቭ ጫፍ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ መስታወት አያድነውም፣ ለሐኪም ያሳዩት። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችም ስላሉ ይጠይቁ፣ ችለው አይቀመጡ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለፈተና ሁለት ሳምንት ጫት እየቃምኩ ሌሊቱን ሳጠና ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ እጆቼ ሲጽፉ የሌላ ሰው እጅ ይመስሉኛል፤ መስታወት ውስጥ ራሴን ደጋግሜ አያለሁ፣ ይብስብኛል። ላብድ ነው? (ከዶርም)

መልስ፦ እህታችን፣ ከጻፍሽው ውስጥ አንዲት ቃል ብዙ ትነግረናለች፤ "ይመስሉኛል"። እጁ የአንቺ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ስሜቱ ነው የራቀሽ። ከእውነታ መለያየት የሚባለው ሕመም እንዲህ አይደለም። ያንቺው በሕክምናው ዲፐርሰናላይዜሽን ይባላል። ለአፍታ የሚያልፈው ዓይነት በእንቅልፍ ማጣት፣ በድንጋጤና በድካም ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሥር ሰድዶ ሕመም የሚሆንበት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፣ የሚጀምረውም በብዛት በወጣትነት ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ነው። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣው መውረድ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት፣ ላዩ ላይ ጨብሲ ከተጨመረ ደግሞ አልኮሉ፣ አንድ ላይ ሆነው በሩን ይከፍቱታል። በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን ፍተሻው ነው። "አሁንስ ተመለስኩ?" ብለሽ እጅሽን ባየሽ ቁጥር፣ ትኩረትሽ የሚያርፈው ከሥራው ላይ ሳይሆን ከስሜቱ ላይ ነው። የትኛውም እጅ ለአምስት ደቂቃ አፍጥጠው ሲያዩት እንግዳ ይሆናል፣ አንድ ቃል መቶ ጊዜ ሲደጋገም ትርጉሙ እንደሚጠፋው። ከዚያ ትፈሪያለሽ፣ ፍርሃቱ ስሜቱን ይጨምራል፣ አንቺም እንደገና ትፈትሺያለሽ።

ስለዚህ ጫቱን አቁሚ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። የመነሻ ሰዓትሽን አንድ አድርጊ፤ ሌሊት ባይወስድሽም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሺ። ፍተሻውን ለሦስት ቀን ደብተር ላይ በምልክት ቁጠሪ፣ በአራተኛው ቀን ግማሹን ተይ። የመጣብሽ ጊዜ እጅሽን አትዪው፣ ሥራ ስጪው፤ ዓይንና ጣት አብረው የሚሠሩበት ጥቃቅን ሥራ ይሁን። ቤተሰብ ዘንድ ከሄድሽ ቡና ልቀሚ። ጥሬውን ቡና ሰፌድ ላይ አፍስሰሽ፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውን፣ ጥቁሩን አንድ በአንድ ለይ፤ ሻካራውን ከለስላሳው በጣትሽ ጫፍ ልትለይ ትችያለሽ። ዶርም ውስጥ ከሆንሽ ልብስ በእጅሽ እጠቢ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዓይን የሚያየውና ጣት የሚዳስሰው በየሰከንዱ ሲስማሙ አንጎልሽ የሚፈልገውን ማስረጃ ያገኛል፤ የምትፈትሺው ነገርም አይኖርም። ሥራውን ስትጨርሺ ግን "ሄደልኝ?" ብለሽ አትጠይቂ፣ እሱም ፍተሻ ነው። ልብሽ ከመታ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ።

ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አገልግሎቱ አለ። ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ በአንድ ጎን ብቻ መደንዘዝ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ካለ አንድ ቀንም አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ልጄን ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፣ አንዳንዴ ከላይ ሆኖ ራሱን ያየ ይመስለዋል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራቸዋል፤ ያየነውን እንዳናደርገው። አእምሮው ቀድሞ ሲነቃና የእስሩ መፈታት ሲዘገይ ዱካክ የምንለው ይመጣል፤ ከመቶ ስምንት ያህል ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያየዋል። በተለይ በጀርባ ሲተኙ፣ እንቅልፍ ሲጎድል። ከላይ ሆኖ ማየቱም ከዚሁ ነው፤ የአካል ወሬ ሲታፈን አንጎል "የት ነኝ?" ለሚለው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ልጅዎ በጎኑ ይተኛ፣ በቂ እንቅልፍ ያግኝ። በመጣበት ጊዜ መላ አካሉን ለማንሳት አይታገል፤ ልቡን ወደ አንዲት ትንሽ ጣት ብቻ ልኮ እሷን ለማንቀሳቀስ ይሞክር፣ እስትንፋሱን ይከተል። እርስዎ አጠገቡ ካሉ ስሙን ጠርተው ትከሻውን ይንኩት። ቀን በቀን እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እናታችን 63 ዓመቷ ነው። ስትሮክ ከመታት ሦስት ሳምንት ሆናት። ግራ እጇን "የእህቴ ነው፣ ውሰዱልኝ" ትላለች። ስንነግራት ትቆጣለች። ጎረቤት መንፈስ ነው ይላል። (ልጆቿ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ ይህ በስትሮክ የታወቀ ምልክት ነው። የቀኝ አንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰውየው ግራ ጎኑን ልብ ማለት ያቅተዋል፣ አንዳንዱም ግራ እጁን የሌላ ሰው ነው ይላል። ጎድሎባታል የምንለው ዕውቀት አይደለም፤ የእጇ ወሬ ወደ እሷ አይደርስም፣ ትኩረቷም ወደ ግራ አይሄድም፣ አንጎሏ የቀረውን ክፍተት በታሪክ ይሞላዋል። ብዙዎች በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ ላይ ይቆያል። ጸሎቱንና ጠበሉን አንከለክልም፣ የደም ግፊት ኪኒኗ ግን አንድ ቀን አይቋረጥ።

አትከራከሯት። "የአንቺ ነው" "አይደለም" የሚለው ጭቅጭቅ ቁጣን ነው የሚጨምረው። በመጀመሪያ በቀኟ ቀርባችሁ አናግሯት፣ ዓይኗ ሲያገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራዋ እየዞራችሁ አስከትሏት። ግራ አንጓዋ ላይ ደማቅ ቀይ ክር እሰሩላት፤ "ቀዩን ክር ፈልጊው" ማለት "እጅሽን እዪ" ከማለት ይቀላታል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀኝ እጇ ግራዋን ታሽ፤ ቅባት ቀቧት፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ዓይኗ እያየ። ራስን በራስ መዳሰስ ከሌላ ሰው ዳሰሳ የተለየ ነው፤ የነካው እጅና የተነካው እጅ አብረው ስለሚናገሩ "የእኔ ነው" የሚለውን ለጊዜው ሊመልስ ይችላል።

መስታወትም ሞክሩ፤ ፊቷንና ሁለቱንም እጇን የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ከፊት ለፊቷ አቁሙና "ይህ የማን እጅ ነው?" ብላችሁ በለሆሳስ ጠይቋት። በጥናት የታዩ ሕሙማን በቀጥታ ሲያዩት የካዱትን እጅ በመስታወት ሲያዩት የራሳቸው ነው ብለዋል፤ ትኩረታቸው ከመስታወቱ ወደ ጎናቸው ሲመለስ መልሰው ክደውታል። ስለዚህ ያኔ "አሁን እኮ የእኔ ነው ብለሽ ነበር" ብላችሁ አትያዟት። መስታወቱ ውስጥ እያየች እጁን እናንተ ንኩላት፣ ከመስታወቱ ሳትለይ። በሐኪም ቤት በግራ ጆሮ ቀዝቃዛ ውኃ በማስገባት ስሜቱ ለጊዜው እንደሚመለስ እ.ኤ.አ. በ1991 ተዘግቧል፤ ይህን በቤት አትሞክሩት፣ ከባድ ማዞርና ማስመለስ ያመጣል።

ያልተሰማት እጅ ይቃጠላል። ቡና ሲፈላ የከሰሉ ምድጃ በግራዋ አይቀመጥ፣ ስኒውንም በግራ እጇ አታስይዟት። ስታነሷት በግራ ክንዷ አትጎትቱ፤ የላላ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። ስትቀመጥ ክንዷን ጭኗ ላይ ትራስ አድርጋችሁ አሳርፉላት፣ በጎኗ ተንጠልጥሎ አይቅር። ስትተኛም ከሥሯ እንዳይቀበር እዩ። ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ስትሄዱ ስንት ጊዜ እንደካደችው፣ በምን ሰዓት፣ እያያችው ወይስ ሳታየው፣ በመስታወቱስ ምን እንዳለች በቃሏ ጽፋችሁ ያዙ።